ጥቁር ጭስ የሚተፋ ሞተር ናፍጣ አልጎደለበትም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። ባለ ፋይቭ ኤል ሞተር ሃይሉክስ ፒካፕ ከገዛሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ከአዲስ አበባ የሱቅ ዕቃ ጭኜ ስመለስ ግን ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እንኳ በግድ ነው የሚወጣው፤ ከኋላውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። በቡና ወቅት ከጎማ ገጠር እሸት ቡና ሳወጣም እንደዚሁ ነው። እስከ 15 ኩንታል እጭናለሁ። አንድ መካኒክ ‹የናፍጣው ፕሬሸር ወርዷል፤ የፖምፓውን ቪቴ ትንሽ ባጠብቀው ጉልበቱ ይመለሳል› አለኝ። ሌላው የኢንጀክተሮቹ ፕሬሸር ከፍ ይበል ይላል። አዲሱን ሃይሉክስ የሚነዳው ወንድሜ ደግሞ ፕሬሸር የሚጨምር ትንሽ ሳጥን በመኪናው ላይ ሊያስገጥም አስቧል። የቱ ነው ትክክል?»

ምላሽ፦ የፖምፓውን፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን መሣሪያ፣ ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) አያስነኩ። ምክንያቱን የሚናገረው የራስዎ መኪና ነው። ጥቁር ጭስ ማለት በቂ አየር አጥቶ በከፊል ብቻ የተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ጥላሸት ነው። በእርግጥ ናፍጣ የጎደለው ሞተር ዳገት ላይ ይደክማል፣ ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ይጠፋል እንጂ መንገዱን በጭስ አያጠቁርም። መካኒኩ ምልክቱን የተረጎመው በተቃራኒው ነው። የታፈነ ምድጃ ላይ እንጨት ቢጨምሩበት የሚበዛው ጭሱ ነው፤ የእርስዎ ሞተርም እዚያ ደረጃ ላይ ነው ያለው። ናፍጣ ቢጨመርለት ጭሱና ሙቀቱ ይበዛሉ፤ የሚያገኙት ጉልበት ግን ለጉዳቱ የሚመጥን አይደለም።

ጋራዥ ውስጥ «ፕሬሸር» ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው በፖምፓው ሆድ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ግፊት ነው። በእርስዎ ሞተር ላይ ናፍጣውን ከታንኩ የሚስበው ራሱ ፖምፓው ሲሆን፣ በውስጡ ያለው መሳቢያ ሆዱን በጥቂት ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ይሞላዋል። ይህ ግፊት ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ሥራውም ዙሩ በፈጠነ ቁጥር ናፍጣው ቀደም ብሎ እንዲረጭ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው የኢንጀክተሩ መርፌ የሚነሳበት ግፊት ነው፤ በእርስዎ ሞተር 150 ባር ግድም ነው። ሦስተኛው ጭራሽ ግፊት አይደለም፤ ፖምፓው በእያንዳንዱ ምት የሚገፋው የናፍጣ መጠን ነው። መካኒኩ ሊያጠብቀው ያሰበው ቪቴ የሚነካው ይህንን ሦስተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ግፊቱ በእርግጥ ወርዶ ቢሆን እንኳ ያ ቪቴ አይመልሰውም።

ቪቴውን ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ። ኮፈኑን ከፍተው ወደ ፖምፓው በባትሪ ሲያበሩ፣ አራቱ የኢንጀክተር ቧንቧዎች ከሚወጡበት ጫፍ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ የወጣ አጭር ቪቴ ያገኛሉ፤ በላዩ የመቆለፊያ ዳዶ አለበት። ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ወይም በቆብ ይታሸጋል። ማኅተሙ ከሌለ፣ የዳዶው ጠርዞች በመፍቻ ከተላላጡ፣ ዙሪያው ከቀረው የፖምፓ አካል ይልቅ ንጹሕ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት አስነክቶታል ማለት ነው። መኪናውን ከገዙት ገና ሰባት ወር ስለሆነ ይህንን በጣም እጠረጥራለሁ። ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። ቪቴው ሲጠብቅ በባዶ ማርሽ ያለው ዙርም አብሮ ከፍ ይላል፤ መካኒኩ ያንን በሌላኛው ቪቴ ዝቅ ያደርገዋል፤ መኪናው ቆሞ ሲታይ ምንም እንዳልተነካ ይመስላል። ከልክ በላይ የጠበቀ እንደሆነ ደግሞ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም። ዙሩን መቆጣጠር አቅቶት የሚበርበት ጊዜም አለ፤ ይህ ሞተር የሚያፈነዳ አደጋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ አየሩ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ግድም ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። የእርስዎ ሞተር 2,986 ሲሲ ነው፤ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ የለውም፤ ስለዚህ ያገኘውን አየር ከመሳብ ውጪ ሌላ አማራጭ የለውም። አዲስ በነበረበት ጊዜ በባሕር ጠለል ላይ ከ100 ፈረስ ጉልበት በታች ይሰጥ የነበረ ሞተር፣ ጅማ ላይ 80 ቢሰጥ ጤነኛ ነው። ፖምፓው ግን ከፍታውን አያውቅም። ከፍታ ሲጨምር ናፍጣውን የሚቀንስ መሣሪያ የተገጠመላቸው ፖምፓዎች አሉ፤ በእርስዎ ላይ ከሌለ ለቆላ የተወሰነውን መጠን ደጋ ላይም ይገፋል። ማለትም ማንም እጁን ሳያስገባበት፣ ከፍታው ብቻውን ናፍጣውን ከአየሩ አንጻር አብዝቶታል። በእኛ አካባቢ ቱርቦ የሌለው ሞተር ላይ ያ ቪቴ መነካት ካለበት ላላ መደረግ ነው ያለበት፤ ያውም በመሞከሪያ ማሽን ላይ እንጂ በጆሮ ግምት አይደለም። ቱርቦ ያለው ሞተር ነገሩ ይለያል፤ የጎደለውን አየር ቱርቦው በተወሰነ ደረጃ ይክሰዋል። የጎረቤት መኪና ተስተካክሎለት ጉልበት አገኘ ሲባል መጀመሪያ ቱርቦ እንዳለው ይጠይቁ።

የጊቤን ዳገት ልብ ይበሉ። ሸለቆው ሞቃት ነው፤ መኪናው ከባድ ጭነት ይዞ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ትንሽ ነው፤ እግርዎ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይቆያል። ከመጠን ያለፈ ናፍጣ የሚያደርሰው ጥፋት ሁሉ የሚደርሰው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። የጭሱ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ ፒስተኑ የተሠራበት አሉሚኒየም ደግሞ 660 ዲግሪ ሳይደርስ የሚቀልጥ ብረት ነው። ፒስተኑን የሚያድነው ከሥሩ የሚረጨው ዘይትና የሲሊንደሩ ግድግዳ ሙቀቱን ስለሚወስዱለት ብቻ ነው። ከፒስተኑ በፊት ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን ነው፤ በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ይበላሉ። አንድ ቪቴ በማጥበቅ የተገኘ የአንድ ወር ደስታ በቴስታታና በጓርኒሲዮን (ከሥሩ በሚገባው ማሸጊያ) ወጪ ሲያልቅ ማየት በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ሊቀር የሚችል ጥፋት ነው።

ሁለተኛው መካኒክ ወደ እውነቱ ቀረብ ብሏል፤ ግን እሱም መጨረሻውን ስቶታል። ያረጀ ኢንጀክተር በእርግጥ ጥቁር ጭስ ያመጣል። ስፕሪንጉ ሲደክም መርፌው ከተወሰነለት ግፊት በታች ይነሳል፤ ናፍጣው እንደ ጉም መበተን ሲገባው በጠብታ ይወርዳል፤ ጠብታ ደግሞ ለመቃጠል ጊዜ አይበቃውም። መድኃኒቱ ታዲያ ግፊቱን ወደ ተወሰነለት ልክ መመለስ ነው እንጂ ከልኩ ማሳለፍ አይደለም። ከልኩ ካለፈ መርፌው ዘግይቶ ይነሳል፣ የሚረጨው መጠን ይቀንሳል፣ ፖምፓውም ያለ ጥቅም ይለፋል። ማስተካከያው የሚደረገው ከስፕሪንጉ ጀርባ በሚገባ ስስ ቀለበት ነው፤ የ0.05 ሚሊሜትር ልዩነት ግፊቱን በግምት ስድስት ባር ይለውጠዋል። ይህን ያህል ስስ ነገር በዓይንና በእጅ ልምድ አይለካም።

ኢንጀክተሮቹ ሲፈተሹ አብረው ይቁሙና ይመልከቱ። እያንዳንዱ በተራ በእጅ መሞከሪያው ላይ ይታሰራል፤ እጀታው ሲጫን የግፊት መለኪያው መርፌ ከፍ ይልና ኢንጀክተሩ ጥርት ያለ የመንቀጥቀጥ ድምፅ እያሰማ ይረጫል። የሚረጨው ወጥና ያልተዛነፈ መሆን አለበት። ከዚያ ግፊቱን ከመክፈቻው ከ10 እስከ 20 ባር ዝቅ አድርጎ ለ10 ሰከንድ ማቆየት ነው፤ በዚህ ጊዜ ጫፉ ላይ ጠብታ ከታየ ኖዝሉ፣ ማለትም የሚረጨው ጫፍ፣ ይቀየራል። ከግፊቱ ከፍታ ይልቅ የአራቱ እኩልነት ይበልጣል፤ ሦስቱ በ150 አንዱ በ130 የሚከፈት ከሆነ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያም አንዱ ሲሊንደር ያጨሳል። መልሰው ሲገጥሙ በኢንጀክተሩ ሥር የሚገቡት ቀለበቶች አዲስ መሆን አለባቸው፤ አሮጌውን መልሶ መግጠም የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ውጤቱ ግን የጋዝ ማፈትለክና የተቃጠለ ኖዝል ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ፤ ኢንጀክተር ሲረጭ እጅ ከፊቱ አይዘረጋም። 150 ባር ቆዳ ይበሳል።

ወደ ኢንጀክተር ከመሄድዎ በፊት ግን ገንዘብ የማያስወጡ ነገሮች አሉ፤ የመጀመሪያው ጭነቱ ነው። የእርስዎ ፒካፕ የተሠራው ለአንድ ቶን ግድም፣ ማለትም ለ10 ኩንታል ያህል ነው። 15 ኩንታል ጭኖ፣ በ1,100 ሜትር ግድም ከፍታ ካለው የጊቤ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ጅማ ደጋ መውጣት ከእንዲህ ያለ ቱርቦ አልባ ሞተር አቅም በላይ ነው። የትኛውም የፖምፓ ማስተካከያ አምስት ኩንታል አይሸከምልዎትም። ፍሬኑንም ያስቡት፤ ዳገቱን የወጣው ጭነት ቁልቁለት መውረዱ አይቀርም።

ቀጥሎ የአየር ፊልትሮው አለ፤ በእርስዎ ሁኔታ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው እሱን ነው። የቡና ለቀማው የሚደርሰው ዝናቡ አቁሞ የገጠሩ መንገድ ወደ አቧራነት በሚለወጥበት ጊዜ ነው፤ ከጎማ ቀበሌዎች ተመላልሶ የሚጭን መኪና በአንድ ወቅት የሚስበው አቧራ የአስፋልት መኪና በዓመት ከሚስበው ይበልጣል። ፊልትሮውን አውጥተው ከውስጥ በኩል አምፖል ያብሩበት፤ ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። በኮምፕረሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጪ፣ በቀስታ መሆን አለበት፤ በኃይል ከተነፋ ወረቀቱ በማይታይ ቀዳዳ ይበሳል። በናፍጣ ወይም በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ ይህ ፊልትሮውን መግደል ነው። «እንዲተነፍስ» ብለው ጭራሽ አውጥተው የሚነዱም አሉ፤ በአንድ የቡና ወቅት ሲሊንደሩ ተፍቆ ያልቃል። አዲስ ፊልትሮ ገጥመው ያንኑ ዳገት አንድ ጊዜ ይውጡት። ጭሱ ከቀነሰ ግማሹን መልስ አግኝተዋል።

የናፍጣ መስመሩን በአጭሩ ላንሳው፤ የእርስዎ ዋና ሕመም እዚያ አይመስለኝም፤ ጭስ ሳይኖረው የሚደክም መኪና ላለው ሰው ግን መነሻው ይኸው ነው። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው ጥቂት ናፍጣ በጠርሙስ ይቀበሉና ያስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። እንደ ጅማ ዝናብና እርጥበት በበዛበት አካባቢ፣ በተለይም ከማደያ ውጪ በበርሜልና በጀሪካን የሚገዛ ናፍጣ ውሃ ይዞ መምጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትም ያጋጥማል፤ ፖምፓው በውስጡ ከሚያልፈው ናፍጣ በቀር ሌላ ቅባት ስለሌለው ነጭ ጋዝ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ፊልትሮውን ከፖምፓው በሚያገናኘው ቱቦ ቦታ ለጊዜው ግልጽ የሆነ ናፍጣ የሚችል ቱቦ ቢገጠምና ረዳትዎ ሞተሩን ከፍ ዝቅ ቢያደርገው፣ የአየር ኳሶች ሲያልፉ ካዩ ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው መስመር ላይ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ፤ ወይም የታንኩ ማጥለያ ተደፍኗል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሞተሩ የራሱ ጤንነት ነው። የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ። የቫልቮቹንና የፖምፓውን ሰዓት የሚያስጠብቀው የታይሚንግ ቺንጊያ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለዎት ይቀየር፤ በዚህ ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ነው፤ ሲገጠምም በአንድ ጥርስ ከተሳሳተ የናፍጣው ሰዓት ይዛባል። ከዚያ የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ ልኬት ይሠራ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለጤነኛ ሞተር 32 ባር ግድም፣ ለዝቅተኛው ወሰን 20 ባር ይላል፤ እነዚህ ግን የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። ጅማ ላይ የጤነኛው ሞተር ንባብ ወደ 26፣ ዝቅተኛው ወሰንም ወደ 16 ይወርዳል። ይህን ሳያውቁ «ሞተሩ አልቋል» ተብለው ለሙሉ እድሳት የሚዳረጉ ሰዎች አሉ። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ፤ ከ5 ባር ከበለጠ አንዱ ሲሊንደር ታሟል፤ በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ፖምፓና ኢንጀክተር ማስተካከል ገንዘብ መጣል ነው።

እንግዲህ የምመክርዎ ይህ ነው። ጭነቱን ወደ 10 ኩንታል ያውርዱ። የአየርና የናፍጣ ፊልትሮዎቹን ይቀይሩ። ቫልቮቹንና ኮምፕሬሽኑን ያስለኩ። አራቱንም ኢንጀክተሮች አስፈትሸው ወደ ልካቸው ያስመልሱ። የፖምፓው ማኅተም ያልተነካ ከሆነ ፖምፓውን ይተዉት። ማኅተሙ ተሰብሮ ካገኙት ደግሞ ፖምፓው ወርዶ የመሞከሪያ ማሽን ወዳለው የፖምፓ ባለሙያ ይሂድ፤ ጅማ ውስጥ ካላገኙ መኪናውን ሳይሆን ፖምፓውን ብቻ አሽጎ ወደ አዲስ አበባ መላክ ይቻላል። በማሽኑ ላይ በተለያየ ዙር የሚገፋው መጠን ተለክቶ በፋብሪካው ሠንጠረዥ ይስተካከል፤ መኪናው የሚሠራው በጅማ ከፍታ ላይ መሆኑን ነግረው ሙሉ መጠኑ ወደ ሠንጠረዡ ዝቅተኛ ጠርዝ እንዲቀመጥ ይጠይቁ። የተለኩት ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው ይሰጡዎት። ወረቀት የማይሰጥ ሰው ለክቶ ሳይሆን ገምቶ ነው የሠራው። የፖምፓውን የውስጥ ግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ግፊት የሚጨምር ካጋጠመዎት እንዳይፈቅዱለት፤ የናፍጣውን ሰዓት ያለ ልክ ያስቀድመዋል፣ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ወደ ነበረበት መመለሱም አስቸጋሪ ነው።

የወንድምዎ መኪና ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ነው። አዲሱ ሃይሉክስ የሚሠራው በኮመን ሬይል ነው፤ ናፍጣው አራቱ ኢንጀክተሮች በሚጋሩት ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ሁልጊዜ በከፍተኛ ግፊት ይጠበቃል። ሞተሩ በባዶ ማርሽ ሲሠራ 300 ባር ግድም ነው፤ ጭነት ሲያገኝ ከ1,500 ባር ሊያልፍ ይችላል። የሚጠብቅ ቪቴ የለውም፤ ግፊቱን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ያ ትንሽ ሳጥን የሚያደርገው ለኮምፒውተሩ የሚደርሰውን የግፊት መረጃ ዝቅ አድርጎ መናገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ግፊቱ የወረደ መስሎት ይጨምራል። ከዚያ በኋላ በቧንቧው ውስጥ ያለውን እውነተኛ ግፊት የሚያውቅ የለም። ኢንጀክተሮቹና ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው ፖምፓ ከታቀደላቸው በላይ ይሠራሉ፤ የመጠበቂያ ቫልቩ ተከፍቶ መኪናው መንገድ ላይ ጉልበት አጥቶ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። የእነዚህ ኢንጀክተሮች ዋጋ ከእርስዎ ሞተር ኢንጀክተሮች ጋር አይነጻጸርም። አያስገጥም።

መኪናው በእርግጥ ጉልበት ከቀነሰ ኮምፒውተሩ ይነበብ። ፒ 0087 የሚል ቁጥር ከወጣ ግፊቱ ከታዘዘው በታች ነው ማለት ነው፤ ፍለጋው ከናፍጣ ፊልትሮው ይጀምርና ወደ ፖምፓው የመምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ ከዚያም ኢንጀክተሮቹ ወደ ኋላ ወደሚመልሱት ናፍጣ መጠን ይሂድ። የተመላሹን መጠን ለማወቅ አራት እኩል ጠርሙሶች ይበቃሉ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ የሚሞላው ጠርሙስ የታመመውን ኢንጀክተር ያሳያል። በእርስዎ ዓይነት ሞተር ላይ መካኒኮች የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተሩን ቧንቧ ዳዶ ያላሉ። በወንድምዎ መኪና ላይ ይህ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ከላይ ሲታይ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሕመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ጣት ወይም እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። የደረሰበት ሰው ካለ ታጥቦና ታሽቶ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሄዶ «በከፍተኛ ግፊት የወጣ ናፍጣ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል» ብሎ ለሐኪሙ በግልጽ መናገር አለበት።

የእርስዎን መኪና በተመለከተ የአራቱን ሲሊንደሮች የኮምፕሬሽን ቁጥር፣ ኢንጀክተሮቹ ከመስተካከላቸው በፊት የተከፈቱበትን ግፊትና የማኅተሙን ሁኔታ ጽፈው ቢልኩልኝ፣ ፖምፓው መውረድ ይኖርበት እንደሆነ ከዚያ ተነሥቼ እነግርዎታለሁ።